ከምኞት ወደ ዝርዝር፦ የሕይወት ግባችንን ጽፈን እንዴት እንከተለው?

በዛሬው የሕይወት ክህሎት ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ የቆየ ወሬ ሊመስል ይችላል። "ዓላማ ይኑርህ፣ ግብ ይኑርሽ" ሲባል ያልሰማ ወጣት መቼም የለም። በየሥልጠናው፣ በየክበቡ፣ በየትምህርት ቤቱ የጠዋት ሰልፍ ላይ ተብሏል። ነገር ግን "እንዲህ አድርገህ ጻፈው፣ እንዲህ አድርገሽ ተከተይው፣ ሲበላሽ ደግሞ እንዲህ ይጠገናል" ብሎ ቁጭ ብሎ ያሳየን ሰው ስንት ነው? እኔን ማንም አላሳየኝም። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በአንድ ቆንጆ ደብተር ላይ አሥራ አንድ ግብ ጽፌ ነበር። ደብተሩን በቅርቡ እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ አገኘሁት። ከአሥራ አንዱ የተሳካው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም "መመረቅ" የሚለው። እሱን ደግሞ ባልጽፈውም እመረቅ ነበር። "እንግሊዝኛ ማሻሻል" ይላል አንዱ። ምን ያህል? እስከ መቼ? በምን? ምንም የለም። "ጥሩ ሰው መሆን" ይላል ሌላው። እሱን እንኳ ተዉት።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ሊቅ ምክር ሳይሆን አንዴ እንደከሸፈባት ሰው ወግ አንብቡልኝ።

ሃያ ሁለት ወረቀት

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጎርጎራ፣ ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ፣ ጣናን ፊት ለፊት እያየን አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰብስበናል። ልጆቹ ሃያ ሁለት ናቸው። አብዛኞቹ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች፣ አራቱ ትምህርት አቋርጠው ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ሁለቱ ደግሞ ቡና አፍልተው የሚሸጡ። (ልጆቹ የሚጠሩኝ "ሲስተር" እያሉ ነው። ነርስ አይደለሁም፣ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው ብዬ ስንቴ አስረዳሁ መሰላችሁ! ጤና ጣቢያ የምትመላለስ ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ በመጨረሻ ተውኩት።) ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ነጭ ወረቀት ሰጠሁና "ከዛሬ ጀምሮ እስክታረጁ ድረስ ልታደርጉት የምትፈልጉትን ሁሉ ጻፉ፤ አርባ ደቂቃ አላችሁ፤ ካልፈቀዳችሁ ማንም አያየውም" አልኳቸው።

ካለቀ በኋላ ብዙዎቹ እንዳነበው ፈቀዱልኝ። አሥራ አምስቱ የመጀመሪያው መስመር ላይ የጻፉት አንድ ነገር ነው፦ ዩኒቨርሲቲ መግባት። ከዚያ "ሀብታም መሆን"፣ "እናቴን ማስደሰት"፣ "ውጭ አገር መሄድ" ይቀጥላል። ሁለቱ ጎርጎራ በተሠራው ሪዞርት መቀጠር እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ "የራሴ ሞተር ያለው ጀልባ" ብሎ ብቻ አቁሟል። አንድ ልጅ ወረቀቱን ነጭ እንደሆነ መለሰልኝና "ሲስተር፣ ነገ የኔ ነው እንዴ?" አለኝ። አንዲት ልጅ ደግሞ በየዓመቱ ከፋፍላ፣ በመስመር አሥምራ፣ ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ጻፈች። ዝርዝሩ ግን 20 ዓመቷ ላይ ያበቃል። ከዚያ በታች ወረቀቱ ባዶ ነው።

ወደ ሁለቱ ልጆች በኋላ እንመለሳለን።

ይህ ግብ የማን ነው?

አሥራ አምስት ልጅ አንድ ዓይነት መስመር ሲጽፍ ነገሩን ቆም ብሎ ማየት ይገባል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ነጥብ ለእኛም ይሠራል። ኅብረተሰቡ ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ግብ ያድላል፤ ወደ ግቡ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አያድልም ይላል። መንገዱ የጠበበበት ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? አንዱ በአቋራጭ ይገባል። ሌላው ግቡን ረስቶ ሥርዓቱን ብቻ ይደግማል፤ ደብተር ይዞ ይሄዳል፣ ደብተር ይዞ ይመለሳል። ሌላው ሁሉንም ትቶ ይቀመጣል፤ መጠጡ፣ ጫቱ እዚያ ጋ ይመጣል። እንግዲህ "ነገ የኔ ነው እንዴ?" ያለኝን ልጅ "ሰነፍ" ከማለቴ በፊት መርተንን ማስታወስ ነበረብኝ፤ እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያልኩት ሰነፍ ነው።

እስኪ ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባጋጠመው የፀጥታ ችግር ምክንያት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸው ተዘግቶ ከርሟል። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለ ልጅ ሙሉ ሕይወቱን በአንድ መስመር ላይ ካንጠለጠለ፣ ያቺ መስመር ስትበጠስ አብሮ ይወድቃል። ዩኒቨርሲቲ አትመኙ እያልኩ አይደለም፤ ኧረ ተመኙ! የምለው፣ ዝርዝር ማለት ከአንድ በላይ ነገር የያዘ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ የማይሰጣችሁና የማይነጥቃችሁ ግብም ይኑርበት፦ አንድ የእጅ ሙያ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ያስታረቃችሁት ጠብ፣ ያልታመመ ጉበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ግቡ የእናንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው የሚለው ነው። በእኛ አገር "እናቴን ማስደሰት" የሚል ግብ ነውር የለውም፤ እኔም ጽፌዋለሁ። እናት ግን በምንድን ነው የምትደሰተው? ጠይቃችኋታል? አንዷ ተማሪ ጠይቃ መጣች። እናቷ "ልጄ፣ የጓሮውን የሽንት ቤት በር አሠሪልኝ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ" አለቻት። ልጅቷ ለስድስት ዓመት ያህል እናቷን በቪላ ቤት ልታስደስታት ስታስብ ነበር።

የጆን ጎዳርድ ወረቀት

ስለ ግብ ዝርዝር ሲነሳ በዓለም ላይ ስሙ የሚጠራ አንድ ሰው አለ። ጆን ጎዳርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940 የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ሎስ አንጀለስ ቤታቸው ውስጥ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ "የሕይወቴ ዝርዝር" ብሎ ጻፈ። አዋቂዎች "ምነው በልጅነቴ ባደረግኩት ኖሮ" እያሉ ሲቆጩ ሰምቶ ነው ይባላል። የጻፋቸው ግቦች 127 ነበሩ። የመጀመሪያው ምን መሰላችሁ? ናይልን ማሰስ! በዝርዝሩ ውስጥ ኢትዮጵያም ስሟ አለ። እ.ኤ.አ. በ1950 ከሁለት ፈረንሳውያን ጋር በትንንሽ ካያክ ጀልባዎች ጉዞውን ጀምሮ፣ ከቡሩንዲ ወገን ካለው ምንጭ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ቀዘፈ። በእኛ በጣና በኩል አላለፈም እንጂ የእኛም ውኃ ካርቱም ላይ ሳያገኘው አልቀረም።

ከጎዳርድ ዝርዝር እኔን የገረመኝ ናይሉ አይደለም። ከናይል ጎን የተጻፉት ትንንሾቹ ናቸው፦ በደቂቃ 50 ቃል በታይፕ መምታት፣ አንድ ማይል በአምስት ደቂቃ መሮጥ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ፣ አግብቶ ልጆች መውለድ። ትልቁና ትንሹ እኩል ተሰልፈዋል። ትንንሾቹ ቁጥር አላቸው፤ መድረስ አለመድረሱን ማንም ሊፈትነው ይችላል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ2013 በ88 ዓመቱ ሲሞት ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ፈጽሟል። ጨረቃ ላይ መውጣትም በዝርዝሩ ነበር፤ አልወጣም። ኤቨረስት ተራራ ላይም አልወጣም። ስላልሞላለት ዝርዝሩን አልቀደደውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላርም። በብዙ ሥልጠናዎች "በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 በተደረገ ጥናት ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ ከቀሩት 97 በመቶዎች ሁሉ በላይ ሀብታም ሆነው ተገኙ" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አንዳንዴ ሃርቫርድ ነው ይባላል። እኔም ራሴ በአንድ መድረክ ላይ በልበ ሙሉነት ተናግሬዋለሁ። እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ አያውቅም። ጋዜጠኞች ፈልገው አጥተውታል፤ ዩኒቨርሲቲውም አላገኘውም። የነገርኳችሁ ልጆች ይህን ካነበባችሁ ይቅርታ።

በእርግጥ የተጠናው ሌላ ነው፤ ለእኛም ይበልጥ ይጠቅመናል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ፣ ተማሪዎች የገናን ዋዜማ እንዴት እንዳሳለፉ በሁለት ቀን ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ተጠየቁ። ገሚሶቹ የሚጽፉበትን ሰዓትና ቦታ ቀድመው እንዲወስኑ ተደረገ። ከነዚህ ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ጽፈው ሲልኩ፣ ካልወሰኑት ግን የላኩት ከሦስት አንዱ ያህል ናቸው። ፍላጎታቸው እኩል ነበር። ልዩነቱ "እጽፋለሁ" በማለትና "ከእራት በኋላ፣ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ እጽፋለሁ" በማለት መካከል ነው። ገብሪኤለ ኦቲንገን የተባለች ሌላ ጀርመናዊት ተመራማሪ ደግሞ መልካሙን ብቻ አብዝቶ ማለም ጉልበት እንደሚሰርቅ አሳይታለች። ያለሙትን ካዩ በኋላ ወዲያው "ታዲያ የሚያግደኝ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል ትላለች።

"የጀልባ ሞተር ስንት ነው?"

እስኪ ወደ ዓሣ አጥማጁ ልጅ እንሂድ። "የራሴ ሞተር ያለው ጀልባ" ብሎ የጻፈው የ20 ዓመት ወጣት ነው። "ሞተሩ ስንት ነው?" አልኩት። ዝም አለ። "ጀልባውስ?" አያውቅም። ለአራት ዓመት ሲመኘው የኖረውን ነገር ዋጋ ጠይቆ አያውቅም! ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ወዲያው ግን "ዋጋውን ከሰማሁማ ምኞቴም ይቀራል ብዬ ፈርቼ ይሆናል" አለ። ብዙዎቻችን ግባችንን የማንለካው ለዚህ አይደል እንዴ?

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራው "ባሕር ዳር ያለውን የእናቴን ወንድም ደውዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋ አስጠይቃለሁ" የሚል ሆነ። ተጠየቀ። ዋጋው እንደፈራው ሆነ። ዝርዝሩ ግን አልተቀደደም፤ ከሥሩ ደረጃ ወጣለት። አሁን የሚያጠምደው በሰው መረብ ነው፤ ቀረሶውም አምባዛውም ከባለ መረቡ ጋር እኩል ይካፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ የራሱ መረብ፣ ቀጥሎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በጋራ የእንጨት ጀልባ፣ ሞተሩ ከዚያ በኋላ። "የሚያግድህስ?" ስለው ሁለት ነገር ጻፈ፦ እምቦጭና አረቄ። እምቦጩ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሰሜናዊ ምሥራቅ ዳርቻ ከታየ ጀምሮ የስንቱን መረብ እንደበላ የአካባቢው ሰው ያውቃል። እሱ ብቻውን ሊያጠፋው አይችልም፤ እምቦጭ በነፋስ ተገፍቶ በሚመጣበት ቀን መረብ አለመጣል ግን ይችላል። አረቄው ላይ ደግሞ "ዓሣ በሸጥኩ ቀን መጀመሪያ ዕቁቤን ሰጥቼ፣ ከዚያ ቤት ሄጄ ልብሴን ቀይሬ፣ ከፈለግሁ ከዚያ እወጣለሁ" ብሎ ጻፈ። አልጠጣም አላለም። ቤት ደርሶ ልብስ የቀየረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይወጣም፤ ከራሱ አፍ የሰማሁት ነው።

ዕቁብ ስንል፣ ከጎዳርድ በፊት የእኛ እናቶች የሚያውቁት የግብ ዝርዝር መሆኑ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጠኑ የታወቀ ነው፣ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ብትቀሩ የሚጠይቃችሁ ሰው አለ። አንባቢና ጸሐፊ ያልሆነች ሴት በዕቁብ በሬ ገዝታለች፣ ልጅ አስተምራለች። እኛ የተማርነው ግን ያለ ዳኛ፣ ያለ ቀን፣ በቆንጆ ደብተር እንጽፋለን። ከዝርዝራችሁ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስቱን እንደ ዕቁብ አድርጉት፤ የምታምኑትን አንድ ሰው ዳኛ ሹሙ፤ በወር አንድ ቀን ተገናኙ። ሁሉንም ለሁሉም ሰው ማውራት ግን አያስፈልግም። በመንደራችን የተወራ ግብ መሳለቂያም ይሆናል፤ ስለ ጤናችሁ የጻፋችሁት ደግሞ የእናንተ ምስጢር ነው።

መተማ ለሄደው ልጅ

ከደምቢያ አካባቢ በየክረምቱ ብዙ ወጣት ሰሊጥ ለማረም፣ በመኸሩም ለማጨድ ወደ መተማ በረሃ ይወርዳል። ከሃያ ሁለቱ አንዱ ሁለት ክረምት ሄዶ ያውቃል። በመጀመሪያው ግቡ "ገንዘብ ማግኘት" ነበር። አገኘም። ይዞት የተመለሰው አንድ ስልክ፣ አንድ ጫማና ወባ ነው። የቀረው ገንዘብ ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍያ ቀን ከተማ ሲወጡ የት እንደገባ ያውቀዋል፤ እኔም መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በሁለተኛው ጉዞ ወረቀት ይዞ ሄደ። በወረቀቱ ላይ መጠን ጻፈ፦ ለሁለት በግ የሚበቃ፣ ለታናሽ እህቱ ደብተርና ዩኒፎርም። ከዚያ የሚያግደውን ጻፈ፦ የቅዳሜ ምሽት። ከዚያ መፍትሔውን፦ "ክፍያ እንደተቀበልኩ፣ ከተማ ከመውጣቴ በፊት፣ ግማሹን ለእናቴ በቴሌብር እልካለሁ፤ ኔትወርክ ከሌለ አብሮኝ ለመጣው ለአጎቴ ልጅ እሰጣለሁ።" ከሥሩ ደግሞ እኔ ሳልነግረው ሁለት መስመር ጨመረ፦ ኮንዶም ከጤና ጣቢያ ይዞ መሄድ፤ ሲመለስ ኤች አይ ቪ መመርመር። እንደዚህ ዓይነት መስመር "ራሴን ከኤች አይ ቪ እጠብቃለሁ" ከሚለው መፈክር በስንት እጥፍ ይሻላል! መፈክሩ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅም፤ መስመሩ ግን ቀንና ቦታ አለው። ሁሉንም አልፈጸመም፤ አንድ ቅዳሜ አምልጦታል፤ በግም አንድ ነው የገዛው። አንዱ በግ ግን አለ፤ ምርመራውንም አድርጓል።

ግብ ሲዘገይ፦ ምሩፅ ይፍጠር

"ዝርዝሩን ጻፍኩ፣ ተከተልኩ፣ ግን በእኔ ጥፋት ሳይሆን ተበላሸ" የምትሉ ትኖራላችሁ። ለእናንተ ከምሩፅ ይፍጠር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፤ ለ5 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ግን በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ምክንያቱ እስከ ዛሬ በተለያየ መንገድ ይተረካል። አራት ዓመት ጠብቆ 1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ሲደርስ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች በደቡብ አፍሪካ ዘረኛ ሥርዓት ምክንያት ውድድሩን ረግጠው ወጡ። እሱ ምን ያድርግ? ውሳኔው የመንግሥታት ነው። እንደገና አራት ዓመት። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ፣ ብዙ ሯጭ በሚያቆምበት ዕድሜ፣ 10 ሺውንም 5 ሺውንም አሸነፈ። "ማርሽ ቀያሪው" የተባለው በከንቱ አይደለም። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በእጁ የነበረው የጠዋቱ ልምምድ ብቻ ነው።

አሰላ አካባቢ ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ የሆነ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያን ድል በሬዲዮ ሰማ። የገበሬው አባቱ በሩጫው ደስተኛ አልነበሩም። ኃይሌ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ወሰደ። የአንዱ የዘገየ ግብ ለሌላው መነሻ ሲሆን ማለት ነው።

ጎርጎራ ውስጥ የሩቅ ዘመን ምሳሌም አለን። ዛሬ ፍርስራሹን የምናየው የአሮጌው ጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ጋር ስሙ የሚነሳው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1589 ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በመንገድ ተይዞ ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሰረ። በእስራቱ ዘመን ዓረብኛ ተማረ። ተፈትቶ ወደ ሕንድ ተመለሰና እንደገና ተነስቶ በ1603 ገባ፤ እዚሁ ጎርጎራ በ1622 ሞተ። ሃይማኖቱ ያስከተለውን ክርክርና ደም የታሪክ መምህሮቻችሁ ይነግሯችኋል። እኔ ያነሳሁት እስር ቤት ውስጥ ቋንቋ ስለመማሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ምን ማድረግ ይቻላል ብላ ለጠየቀችኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የነገርኳት ይህንኑ ነው። እሷ ደግሞ ከታላቅ ወንድሟ የድሮ መጻሕፍት የሒሳቡን መርጣ በቀን አምስት ጥያቄ መሥራት ጀመረች፤ ቡና ሲፈላ፣ የመጀመሪያው ስኒ እስኪቀዳ።

20 ዓመት ላይ የቆመው ዝርዝር

አሁን ወደዚያች ልጅ። እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀይሬያለሁ። ከሌሎቹ ሁሉ በኋላ ብቻችንን ስንሆን "ለምን 20 ላይ አቆምሽ?" አልኳት። "እኔ እንጃ ሲስተር፤ ከዚያ በኋላ ማሰብ ይከብደኛል" አለች። ቆየት ብላ ነገረችኝ። ቫይረሱ ከውልደቷ ጀምሮ በደሟ ውስጥ አለ። መድኃኒቷን አታቋርጥም። የሚያሳድጓት አያቷ ግን፣ የልጅቷን እናትና አባት መድኃኒት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ያዩአቸው የጎረቤት ሰዎች እንዴት እንደሞቱ ያስታውሳሉ። እሷ ፊት ባያወሩትም ልጅ ይሰማል። ማንም "20 ላይ ትሞቻለሽ" አላላትም፤ ራሷ አሰላችው።

ያወራነውን እዚህ ላስፍረው፤ እንደ እሷ የሚያስብ አንባቢ ይኖራልና። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ እየተሰጠ ነው። አያቷ የሚያስታውሱት ዘመን ከዚያ በፊት የነበረው ወይም መድኃኒቱ ገና ወደ ገጠር ያልደረሰበት ነው። ዛሬ መድኃኒቱን በጊዜ ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ቫይረሱ ከሌለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ መኖር ይችላል። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ወርዶ እዚያው ከቆየ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ይህ ማጽናኛ አይደለም፤ በብዙ ሺህ ጥንዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። የሕክምና ክትትል የምታደርግ እናት ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። "መውለድ?" አለች ልጅቷ። ይህን ማንም አልነገራትም። ለስንት ዓመት ጤና ተቋም ስትመላለስ፣ መድኃኒት ሲሰጣት፣ ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራትም። እኔም ዋርካው ሥር ያንን ወረቀት ባላይ አልነግራትም ነበር።

መድኃኒቱንም በዝርዝሯ ውስጥ አስገባነው፤ እንደ በሽታ ሳይሆን የሌሎቹ ሁሉ መሠረት እንደሆነ መስመር። እሷ የምትወስደው ማታ አያቷ በሩን ሲዘጉ ነው፦ "አያቴ መቀርቀሪያውን ስትጥል እውጣለሁ።" ሰዓት አያስፈልጋትም፤ መቀርቀሪያው ይደወልላታል። ሌላ ቤት ለማደር ስትሄድስ? እሱንም ጻፈች።

በሁለት ሳምንቱ ወረቀቱን ይዛ መጣች። 20 ላይ የነበረውን መስመር አላጠፋችውም፤ በእሱ ሥር ሌላ ወረቀት በስፌት አያይዛለች። ላብራቶሪ ቴክኒሺያን መሆን፣ አያቷን አክሱም ጽዮን ማሳለም፣ 31 ዓመቷ ላይ "ሁለተኛ ልጅ"። "የመጀመሪያውስ?" አልኳት። "እሱ ከባሌ ጋር ይወሰናል" ብላ ሳቀች።

ነጩ ወረቀት

ባዶ ወረቀት የሰጠኝ ልጅ ለሁለት ወር አልመጣም። እኔም አልጠራሁትም፤ ሰነፍ ያልኩት በልቤ ቢሆንም የሰማኝ ይመስለኝ ነበር። ኅዳር ላይ ወደቡ አካባቢ አገኘሁትና "አንድ መስመር ብቻ ጻፍ፤ ማንንም ሳትጠብቅ፣ ገንዘብ ሳያስፈልግህ፣ በሁለት ወር የሚያልቅ" አልኩት። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ "እስከ ጥምቀት ዋና መቻል" ብሎ ጻፈ። ጣና ዳር ተወልዶ አድጎ ዋና አይችልም! ዓሣ አጥማጁን ልጅ ዳኛ ሾምንለት። (ቢልሃርዚያ በጣና ዳርቻ መኖሩን፣ ጉማሬውንም፣ ሳልነግረው አልቀረሁም። ከጨረሰ በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዶ እንዲመረመርም አሳሰብኩት።)

ከጥምቀት ማግስት ቢሮ መጣ። ያንኑ ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ጨርቅ መስሏል። "ዋና መቻል" የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ ሁለት አዲስ ጽፏል። አንዱ "የታናሽ ወንድሜን ዋና ማስተማር" ይላል። ሌላውን በአውራ ጣቱ ሸፍኖት ነበር፤ አላሳየኝም።